የፓራሹት ዝላይ መሣሪያ አመራረጥ፣ ግዢና ሽያጭ፦ በከፍተኛ ቦታዎች መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ምድር በጀማ፣ በወንጪትና በገባሮቻቸው ሸለቆዎች የተከፋፈለ፣ አብዛኛው አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው። የመንዝ ደጋ በመሐል ሜዳ አካባቢ 3 ሺህ ሜትር ያልፋል፤ የጓሳ ሣር ምድር ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ሰፊው ሜዳና ድንገት የሚቋረጠው ገደል የአየር ላይ ስፖርት ወዳጆችን ዓይን መሳቡ አይቀርም። ይሁን እንጂ በዓለም ገበያ የሚሸጠው የፓራሹት ዝላይ መሣሪያ በአብዛኛው የሚመዘነውና የሚመረጠው ለዝቅተኛ ሜዳ በተዘጋጀ ስሌት ነው። በዚያ ስሌት ትክክል የሆነ መሣሪያ በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ለባለቤቱ አደጋ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ መሣሪያውን ለመግዛት፣ ለመሸጥ ወይም ከውጭ ይዞ ለመግባት ለሚያስብ ሁሉ መሠረታዊ መረጃ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ፓራሹት በኢትዮጵያ

ፓራሹት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1922 ዓ.ም. ትውልዳቸው ከትሪኒዳድ የሆነው ጥቁር አብራሪ ሁበርት ጁሊያን ወደ አዲስ አበባ መጥተው በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከአውሮፕላን በፓራሹት በመዝለል የኢትዮጵያ ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕረግ አግኝተዋል። ከዚያ በኋላ ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የአየር ወለድ ጦር የሚሠለጥንባት ከተማ ሆናለች። በዚህም ምክንያት «አየር ወለድ» የሚለው ቃል በኅብረተሰቡ ዘንድ ከፓራሹት ጋር ተያይዞ የሚታወስ ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ ነገር ሌላ ትዝታ አለው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት ራቤልን ጨምሮ መኪና በማይደርስባቸው ከፍተኛ ቦታዎች የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን አየር ኃይሎች ሄርኩለስና ትራንሳል አውሮፕላኖች እህል ጥለዋል፤ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም በሥራው ተሳትፈዋል። እህሉ የተጣለው በፓራሹት አልነበረም። አውሮፕላኖቹ ከመሬት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ከፍ ብለው በመብረር በድርብርብ ከረጢት የታሸገውን እህል ከኋላ በራቸው ይለቁ ነበር። ውስጠኛው ከረጢት ቢቀደድ ውጪኛው እህሉን ይይዘዋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ዘዴው የሚመረጠው በሚወርደው ነገር ዓይነት፣ በከፍታውና በማረፊያው መሬት ነው። ለእህል ከረጢት የበቃው ዘዴ ለሰው አይሆንም፤ በዝቅተኛ ሜዳ ለሰው የበቃውም ለመንዝ ደጋ ላይበቃ ይችላል።

የመሣሪያው ክፍሎች

አንድ ሙሉ የስፖርት ፓራሹት መሣሪያ አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው ሰውነትን የሚይዘው ማንገቻና በጀርባ የሚታዘለው መያዣ ነው። ማንገቻው ከባለቤቱ ቁመትና የሰውነት ቅርጽ ጋር መስማማት አለበት። ሰፊ ማንገቻ ፓራሹቱ ሲከፈት በሚፈጠረው ንጥቂያ ሰውነትን ከቦታው ያንሸራትታል።

ሁለተኛው ዋናው ፓራሹት ነው። የዛሬ የስፖርት ፓራሹቶች እንደ ክንፍ የሚሠሩና የሚነዱ አራት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ናቸው።

ሦስተኛው መጠባበቂያ ፓራሹት ነው። ዋናው በአግባቡ ካልተከፈተ ተቆርጦ ይጣልና መጠባበቂያው ይከፈታል። ዋናውን በአንድ ጉተታ ለመልቀቅ የሚያስችለው የሦስት ቀለበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካዊው ቢል ቡዝ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኞቹ መሣሪያዎች ላይ ይገኛል።

አራተኛው አውቶማቲክ ማስከፈቻ ነው። ይህ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የአየር ግፊትን በመለካት ዘላዩ ወደ መሬት ተቃርቦ ገና በከፍተኛ ፍጥነት እየወደቀ መሆኑን ሲያውቅ የመጠባበቂያውን ማሰሪያ ራሱ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከጀርመን ሳይፕረስ የተባለው ምርት ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ራሳቸውን የሳቱ ወይም ከፍታ የዘነጉ በርካታ ዘላዮች በዚህ ዓይነት መሣሪያ ሕይወታቸው ተርፏል።

አምስተኛው በእጅ የሚታሰር የከፍታ መለኪያ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የራስ ቁርና መነጽር ይታከላሉ።

ከፍታ የሚለውጠው ምንድን ነው?

ፓራሹት የሚሠራው በአየር ነው። አየር ደግሞ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይሳሳል። በመደበኛ የአየር ሁኔታ ስሌት በ3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ጥግግቱ በባሕር ወለል ላይ ካለው 74 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ዓይነት ፓራሹትና አንድ ዓይነት ክብደት ያለው ሰው በመንዝ ደጋ ላይ ሲያርፍ በባሕር ወለል ከሚያርፍበት 16 በመቶ ያህል በሚበልጥ ፍጥነት ይወርዳል፤ ወደፊትም በዚያው መጠን ፈጥኖ ይሄዳል። በ2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ በምትገኘው ዓለም ከተማ ልዩነቱ 12 በመቶ፣ በ1 ሺህ 900 ሜትር ገደማ በምትገኘው ቢሾፍቱ ደግሞ 10 በመቶ አካባቢ ነው። ፀሐይ አየሩን ስታሞቅ ልዩነቱ ይጨምራል።

ስለዚህ የፓራሹት መጠን ሲመረጥ የማረፊያው ከፍታ ሊታሰብ ይገባል። በገበያው የተለመደው መለኪያ ዘላዩ ከነሙሉ መሣሪያው የሚመዝነውን በፓውንድ፣ ለፓራሹቱ ስፋት በካሬ ጫማ ማካፈል ነው። ለጀማሪ ውጤቱ ከ1 እንዳይበልጥ ይመከራል። ለምሳሌ ከነመሣሪያው 84 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 185 ፓውንድ የሚመዝን ጀማሪ በባሕር ወለል ሜዳ ቢያንስ 185 ካሬ ጫማ ፓራሹት ያስፈልገዋል። ይኸው ሰው በ3 ሺህ ሜትር ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት እንዲያርፍ ከተፈለገ ግን የሚያስፈልገው 250 ካሬ ጫማ ገደማ ነው። በሌላ አገር «ለእኔ ልክ ነው» ተብሎ የተገዛ ፓራሹት በመንዝ ጠባብ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አውቶማቲክ ማስከፈቻው ነው። መሣሪያው ሲበራ የቆመበትን ቦታ «መሬት» ብሎ ይመዘግባል። አንድ ቡድን መሣሪያውን ቢሾፍቱ ላይ አብርቶ፣ ከዚያው ተነሥቶ መንዝ ላይ ቢዘል ምን ይሆናል? ለልምድ ያላቸው ዘላዮች የተዘጋጀው የተለመደ ዓይነት ከተመዘገበው መሬት በላይ 225 ሜትር አካባቢ ሲደርስ የሚሠራ ነው። ቢሾፍቱ ላይ ከተበራ ከባሕር ወለል በላይ በ2 ሺህ 125 ሜትር ላይ ለመሥራት ይጠብቃል ማለት ነው። የመንዝ መሬት ግን በ3 ሺህ ሜትር ላይ ነው፤ ዘላዩ መሣሪያው ከመሥራቱ በፊት መሬት ይደርሳል። የእጅ ከፍታ መለኪያም እንዲሁ ያሳስታል። በዚያው አኳኋን የተስተካከለ መለኪያ 1 ሺህ 500 ሜትር ሲያሳይ ከዘላዩ በታች የቀረው 400 ሜትር ብቻ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች የከፍታ ልዩነት አስቀድሞ እንዲሞላባቸው የሚፈቅዱ ቢሆንም የሚቀበሉት ልዩነት ገደብ አለው። ገዢው ከመግዛቱ በፊት በአምራቹ መመሪያ ውስጥ ይህን ገደብ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ኦክስጅን ነው። በብዙ አገሮች የተለመደው የዝላይ ከፍታ ከመሬት በላይ 4 ሺህ ሜትር ያህል ነው። ከመንዝ መሬት በላይ 4 ሺህ ሜትር ማለት ከባሕር ወለል 7 ሺህ ሜትር ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ4 ሺህ 570 ሜትር ገደማ በላይ ለዘላዮች ኦክስጅን መቅረብ አለበት። ያለ ኦክስጅን የሚደረግ ዝላይ በመንዝ ላይ ሊጀመር የሚችለው እንግዲህ ከመሬት 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ማለት ነው። ለጀማሪ ፓራሹቱን ከ900 ሜትር በላይ መክፈት ስለሚጠበቅበት ለስሕተት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው።

የገደል ጫፍና የተሳሳተ መሣሪያ

ለአውሮፕላን ዝላይ የተሠራ መሣሪያ ከገደል ለመዝለል አይውልም። ለመከፈትና ችግር ቢፈጠር መጠባበቂያውን ለመጠቀም በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ከፍታ ይፈልጋል። ከተራራ ተንሸራቶ ለመብረር የሚያገለግለው የፓራግላይዲንግ ክንፍም በመልክ ቢመሳሰልም የተሠራው መሬት ላይ ተዘርግቶ እንዲነሣ እንጂ በመውደቅ ላይ እንዲከፈት አይደለም። ሁለቱን በስም አለማምታታትና ሻጩ የትኛውን እንደሚሸጥ በጽሑፍ እንዲገልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ ከቀትር ጀምሮ ከሸለቆ ወደ ላይ የሚነፍሰው ሞቃት አየርና ከገደል ጀርባ የሚፈጠረው አዙሪት ልምድ ያለውን አብራሪ እንኳ የሚፈትን ነው።

ያገለገለ መሣሪያ ሲገዛ

አዲስ ሙሉ መሣሪያ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያወጣ ብዙዎች ያገለገለ መግዛትን ይመርጣሉ። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ከክፍያ በፊት የሚከተሉት ይረጋገጡ።

• የእያንዳንዱ ክፍል መለያ ቁጥርና የተመረተበት ዘመን ከሰነዱ ጋር መመሳሰሉ፤

• መጠባበቂያው በማን፣ መቼ እንደታጠፈ የሚያሳይ መዝገብ መኖሩ። በአሜሪካ መጠባበቂያ በየ180 ቀኑ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተከፍቶ፣ ተመርምሮ እንደገና መታጠፍ አለበት፤

• አውቶማቲክ ማስከፈቻው የተመረተበት ጊዜ፣ የጥገና ታሪኩና አምራቹ የወሰነው የአገልግሎት ዘመን። ዘመኑ ሊያልቅ የተቃረበ መሣሪያ ዋጋው በዚያው ልክ መቀነስ አለበት፤

• ዋናው ፓራሹት የተዘለለበት ብዛትና ገመዶቹ የተቀየሩበት ጊዜ። የተኮማተሩ ገመዶች የፓራሹቱን አከፋፈትና አበራረር ያበላሻሉ፤

• የጨርቁ ሁኔታ። ናይለን በፀሐይ ብርሃን ይደክማል፤ የባትሪ አሲድም ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተመረቱ አንዳንድ ክብ መጠባበቂያዎች ላይ በመረባቸው ውስጥ የተገኘ አሲድ ጨርቁን ያዳክም እንደነበር ይታወቃል። ስለሆነም አሮጌ ክብ መጠባበቂያ በርካሽ ሲቀርብ አለመግዛት ይሻላል፤

• ከጦር ሠራዊት የወጣ ፓራሹት ለስፖርት ዝላይ ያልተዘጋጀ መሆኑ።

ምርመራው በገዢው ዓይን ብቻ የሚጠናቀቅ አይደለም። ከሻጩ ጋር ጥቅም የማይጋራ፣ ፈቃድ ያለው የፓራሹት ባለሙያ ሙሉ መሣሪያውን ከፍቶ እንዲመረምርና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይደረግ። ምርመራውን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ግዢውን መተው ተገቢ ነው።

የሻጭ ግዴታና የገዢ መብት

ከነጋዴ የሚገዛ ሸማች ስለ ዕቃው ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና አማርጦ የመግዛት መብቱ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል። በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚደነግጉት ክፍሎች ይመራል። በእነዚህ ድንጋጌዎች መሠረት ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ ሲሆን፣ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ መለያ ቁጥሮች፣ የዝላይ ብዛት፣ ከዚህ በፊት የደረሰ ጉዳትና የተደረገ ጥገና ይዘርዘሩበት። ሻጭ በበኩሉ መሣሪያውን ለጀማሪ ከመሸጡ በፊት የገዢውን ክብደት፣ ልምድና የሚዘልበትን ቦታ ከፍታ ቢጠይቅ ራሱንም ገዢውንም ይጠብቃል።

ሥልጠናና ፈቃድ ይቅደም

መሣሪያ ከመግዛት በፊት ሥልጠና ይቀድማል። በአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር መለኪያ የመጀመሪያውን ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 25 ዝላይ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠልጣኙ በማሠልጠኛው መሣሪያ እየተጠቀመ የሚስማማውን መጠን ይለያል፤ ቀድሞ የገዛ ግን ብዙውን ጊዜ ደግሞ ለመግዛት ይገደዳል። በውጭ አገር የሠለጠኑ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በዝቅተኛ ሜዳ ያገኙት ልምድ ለደጋ ምድር ያለ ተጨማሪ ዝግጅት በቂ አለመሆኑን ሊገነዘቡ ይገባል።

በአገሪቱ የአየር ክልል የሚደረግ በረራ በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር በመሆኑ ማንኛውም ዝላይ ከመታቀዱ በፊት ባለሥልጣኑን ማነጋገር ያስፈልጋል። መሣሪያ ከውጭ የሚያስገባም ዕቃውን ከመላኩ ወይም ይዞ ከመነሣቱ አስቀድሞ ከጉምሩክ መረጃ ይጠይቅ። ለማረፊያ የታሰበው መሬት የእርሻ ማሳ ወይም የግጦሽ መሬት ከሆነ የባለይዞታዎቹ ስምምነት ያሻል። በተለይ የመንዝ ጓሳ በአካባቢው ሕዝብ ለዘመናት ተጠብቆ የቆየ፣ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ ዝንጀሮ መኖሪያ ስለሆነ ከማኅበረሰቡ ፈቃድ ውጭ ዝቅ ብሎ መብረርም ሆነ ማረፍ አይገባም።

በአጠቃላይ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ለሻጩ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች በፊት ለራሱ ሦስቱን ይመልስ፦ ክብደቴ ከነመሣሪያዬ ስንት ነው? የማርፍበት መሬት ከፍታ ስንት ነው? አውቶማቲክ ማስከፈቻዬና ከፍታ መለኪያዬ የተስተካከሉት ለየትኛው መሬት ነው? እነዚህ በቁጥር ካልተመለሱ ግዢው ይዘግይ፤ ዝላዩም ይቆይ።