ጠዋት ለመነሳት የሚያስቸግር መኪና

ጠዋት ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ መኪና ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ ነው። መንገድ ላይ ሞተሩ ስለሞቀ መካኒኩ ቁልፉን ሲያዞር ወዲያው ይነሳል፤ የሚሰማ ነገርም የለም። ስለዚህ በግምት ይሠራል። አንድ ቀን ካንዴላ ይቀየራል፣ ሌላ ቀን ፊልትሮ፣ ከዚያ ባትሪ፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ያው መንቀጥቀጥ አለ። እንዲህ የሚባክን ገንዘብ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሕመሙን በሰዓቱ የሚያየው ባለቤቱ ምን መስማትና ምን ማየት እንዳለበት ቢያውቅ ግማሹ ምርመራ ቤት ውስጥ ያልቅ ነበር።

ቅዝቃዜ ሞተርን የሚያስቸግረው በዚህ ነው። ቤንዚን ፈሳሽ እንደሆነ አይነድም፤ ተንኖ ከአየር ጋር መቀላቀል አለበት። የሞቀ ሞተር ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይጠቀማል። ሲቀዘቅዝ ግን ከተረጨው ቤንዚን ብዙው፣ ድስት ክዳን ላይ እንደሚያርፍ እንፋሎት፣ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ያንን ለማካካስ የመኪናው ኮምፒውተር ለጥቂት ጊዜ ቤንዚን ያበዛል፤ በድሮዎቹ ባለ ካርቡራተር መኪኖች ይህን የሚሠራው ቾክ ነበር። ኮምፒውተሩ ስንት እንደሚጨምር የሚያውቀው የሞተሩን ውሃ ሙቀት ከሚለካ ትንሽ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ብርዱን “ሙቀት ነው” ብሎ ከነገረው ጭማሪው ይቀራል፣ ሞተሩም እየተንተፋተፈ ይነሳል። በብዙ ቶዮታዎች የዚህ ሴንሰር ሬዚስታንስ 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ነው። ርካሽ መልቲሜትር ያለው ሰው ሊለካው ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ካነሰ ሙቀቱም ያንሳል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ ያለ ችግር ሲነሳ የነበረ ያረጀ ሞተር እዚህ ሲያድር ሊያስቸግር ይችላል።

እንግዲህ ጠዋት ቁልፉን ስታዞሩ ሬዲዮውን አጥፉና ሞተሪኖውን ስሙት። እየከበደው ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ የቤንዚኑን ነገር ለጊዜው ተዉት። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሌሊቱን አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ያለው። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት መኖሩን እዩ፤ መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፈትታችሁ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጽዱት። ዘይቱንም ጠይቁ። መመሪያው 5ደብልዩ-30 የሚለው ሞተር ውስጥ 20ደብልዩ-50 ከተጨመረ ጠዋት ላይ ወፍሮ ሞተሪኖውን ያደክመዋል።

ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ ለመያዝ ከዘገየ ግን ጥርጣሬዬ ሌሊት በወረደ የቤንዚን ግፊት ላይ ነው። ለዚህ ምንም የማያስወጣ ሙከራ አለ። ቁልፉን ዳሽቦርዱ እስኪበራ ብቻ አዙሩና ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፤ ከኋላ ወንበር በኩል ፓምፑ ሲያጉረመርም ይሰማል። አጥፉ፣ ደግማችሁ አብሩ፣ ሦስተኛው ላይ አስነሡ። በዚህ መንገድ ቶሎ ከተነሳ ግፊቱ ሌሊት እየወረደ ነው፤ ወይ ፓምፑ ውስጥ ያለው ቫልቭ ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይለቅቃል፣ ወይ ኢንጀክተር ያንጠባጥባል። በአንዳንድ መኪና፣ ብዙ ቶዮታዎችን ጨምሮ፣ ፓምፑ የሚሠራው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ነው፤ ድምፅ ካልሰማችሁ ሙከራው ለእናንተ አይሆንም፣ መካኒኩ የግፊት መለኪያ ይግጠም። ኢንጀክተር ካንጠባጠበ ደግሞ የቤንዚን ሽታና ጥቁር ጭስ ይኖራል። ቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ስታስነሡ ቶሎ የሚይዝ ከሆነ ሞተሩ በቤንዚን ተጥለቅልቆ ነበር ማለት ነው፤ አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች በዚህ ሁኔታ ቤንዚኑን ይዘጋሉ። እንደያዘ እግራችሁን ወዲያው አንሡ።

ቶሎ ተነስቶ ግን ለግማሽ ደቂቃ የሚያነክስ ሞተር አንዱ ሲሊንደር አይተኩስም። እዚህ ካንዴላ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ግን አውጥታችሁ ሳታዩት አትቀይሩት። ለየብቻ ኮይል ያለው ሞተር ከሆነ፣ የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነር ፒ0301 ካለ (አንደኛው ሲሊንደር ማለት ነው) ሞተሩን አጥፍታችሁ የአንደኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ። በማግስቱ ጠዋት ኮዱ ፒ0303 ከሆነ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው፤ ካልተዛወረ ካንዴላውን አዛውሩ። በዚህ መንገድ የምትገዙት የተበላሸውን ብቻ ነው። የቼክ ኢንጂን መብራት እየበራ እየጠፋ ከሆነ ግን መንዳት ይቅር፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያቃጥላል።

የናፍጣ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ጠዋት ካስቸገረ መጀመሪያ ካንዴሌታዎቹ (ማሞቂያዎቹ) ይለኩ።

ጭሱን ደግሞ ውጭ ሆናችሁ እዩት፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሳት ሰው ይገድላል። ሰማያዊ ጭስ ብቅ ብሎ ከጠፋ በቫልቮላ ጎማዎች በኩል ሌሊት ዘይት ወርዷል፤ ለጊዜው ዘይቱን እየተከታተሉ መንዳት ይቻላል። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ መታየቱ የተለመደ ነው። ጭሱ ካልቆመ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለውና የራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ውሃ ወደ ሲሊንደር እያስገባ ይሆናል። ይህን ለማረጋገጥ መኪናው ጋራዥ ይደር። ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መካኒኩ በእጅ ፓምፕ ራዲያተሩ ላይ በክዳኑ የተጻፈውን ያህል ግፊት ሰጥቶ ይተወው፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ካንዴላዎቹን አውጥቶ በየቀዳዳው በእጅ ባትሪ እያበራ ይመልከት። አንዱ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ከተገኘ ቴስታታው ይከፈታል።