ከእድሳት በኋላ የሚያስቸግር የሞተር ብስክሌት ሞተር፦ የቦሌ ከፍታ በምርመራ ላይ ያለው ድርሻ

መግቢያ

የሞተር ብስክሌት ሞተር ሲታደስ ብዙ ጊዜ ሲሊንደሩ ሰፍቶ ትልቅ ፒስተን ይገባለታል፤ አንዳንዴም ካርቡሬተሩ፣ የአየር ማጣሪያውና ማርሚታው አብረው ይለወጣሉ። ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ሚኒሞ ላይ ቢጠፋ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ቢንገራገጭ ወይም ካንዴላው ጥላሸት ቢይዝ ጥፋቱ በቅድሚያ የሚጣለው በፋሻውና በሲሊንደሩ ሥራ ላይ ነው። በሞተር ብስክሌቱ ዕቃ እያደረሰ ለሚተዳደር ሰው ሞተሩ ዳግም መፈታቱ ድርብ ወጪና የሥራ ቀናት ማጣት ነው። ይህ ጽሑፍ ካርቡሬተር ያላቸውን ባለ አራት ምት ሞተሮች ይመለከታል፤ በቦሌና አካባቢዋ ከእነዚህ ምልክቶች ከፊሉ ከከፍታ የሚመነጭ ስለሆነ ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት መለየት እንዳለበት ያስረዳል።

ከፍታና ድብልቅ

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ መደበኛው የአየር ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል ካለው 101.3 ኪሎ ፓስካል በሩብ ያህል ያንሳል። ተራ ካርቡሬተር ከሳሳው አየር ጋር የሚመጣጠን የነዳጅ ቅነሳ ስለማያደርግ፣ ለባሕር ወለል የተስተካከለ ጄት (የነዳጅ መለኪያ ቀዳዳ) በቦሌ የነዳጁን ድርሻ ከ10 በመቶ በላይ ያበዛዋል። በአንጻሩ አየር በቀላሉ የሚያሳልፍ ማጣሪያና ማርሚታ ድብልቁን ወደ ነዳጅ ማነስ ይገፋል። ሁለቱ ተጽዕኖዎች በከፊል ስለሚጣፉ፣ ማርሚታ ሲለወጥ ጄቱን ማስፋት የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ያለ ፍተሻ ሊወሰድ አይገባም።

የእመቃ ንባብ

እመቃ (ኮምፕሬሽን) የሚለካው ሲሊንደሩ ከሳበው አየር ተነሥቶ ነው። በባሕር ወለል 10 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በቦሌ 7.5 ባር ገደማ ያሳያል። ይህን ንባብ በቀጥታ ከፋብሪካው መመሪያ ጋር ያነጻጸረ ሰው ደኅና የሆነ ፋሻ ሊያስወጣ ይችላል። የመግቢያ ቫልቩን ዘግይቶ የሚዘጋ የተለወጠ ካምሻፍትም ንባቡን ያሳንሳል። ልኬቱ ሞተሩ ሞቆ፣ የነዳጅ መስጫው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይወሰዳል። ንባቡ ከተስተካከለው መጠንም ካነሰ ጥቂት ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ተጨምሮ ይደገማል፤ በጉልህ ከጨመረ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ፣ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጋስኬት ይጠረጠራል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. ሞተሩ በቀዘቀዘበት የቫልቭ ክፍተትና የታይሚንግ ምልክቶች ይረጋገጣሉ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ሞቆ እመቃው ይለካል።
2. የካንዴላው ብልጭታና የእሳቱ ጊዜ ይፈተሻሉ።
3. በካርቡሬተሩና በቴስታታው መካከል አየር አለመግባቱ ይታያል።
4. በመጨረሻ ሚኒሞው፣ መርፌውና ዋናው ጄት አንድ በአንድ ይስተካከላሉ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ የካንዴላው ቀለም ይታያል።

ነዳጁ በመጨረሻ የሚመጣው፣ አየር የሚያስገባ ወይም ቫልቩ የማይዘጋ ሞተር በጄት ሊስተካከል ስለማይችል ነው። ካርቡሬተሩ፣ ማጣሪያው ወይም ማርሚታው ከተለወጡ፣ የቀድሞዎቹን ለጊዜው መልሶ መግጠም ጠቃሚ ፈተና ነው። ችግሩ ከጠፋ ምክንያቱ ከተለወጡት ዕቃዎች መመጣጠን እንጂ ከሞተሩ ውስጥ አይደለም።

ወደ ቆላ ሲወረድ

በቦሌ በትክክል የሚሠራ ሞተር በሌላ ቦታም እንዲሁ ይሠራል ማለት አይደለም። 150 ሲሲ ይዘትና 9.5 የእመቃ ንጽጽር ያለው ሞተር የማቃጠያ ክፍሉ ሳይለወጥ ወደ 165 ሲሲ ቢሰፋ ንጽጽሩ 10.35 ገደማ ይደርሳል። ቀጭኑ የቦሌ አየር የዚህን ጭማሪ ጫና ይሸፍነዋል። ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ በሆነው አዋሽ ግን ግፊቱ ወደ 90 ኪሎ ፓስካል ይጨምራል፤ በቦሌ የጠበበው ጄትም ነዳጅ ያሳንሳል። የሁለቱ መገጣጠም ከሙቀቱ ጋር ተደምሮ የሞተር ማንኳኳትንና የፒስተን መቃጠልን ያስከትላል።

ማጠቃለያ

በቦሌ ከእድሳት በኋላ የሚደረግ ምርመራ በከፍታ ከተስተካከለ ንባብ መጀመር፣ ከመካኒካዊው ወደ ነዳጁ መሄድና አንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ ማድረግ ይኖርበታል። ሞተር ብስክሌቱ ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ጄቱ አስቀድሞ ለዚያ ከፍታ ይመረጣል።