ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቫይታሚን

በሰሜን ዙሪክ፣ አግሮስኮፕ የተባለው የስዊዘርላንድ መንግሥት የእርሻ ምርምር ተቋም ማሳ ባለበት በአፎልተርን ሰፈር፣ ወደ አንድ ሱፐርማርኬት እንግባ። በአንዱ መደርደሪያ በቆርቆሮ የታሸገ አተርና ካሮት፣ ቀይ ቦሎቄ፣ ልጣጩ የተነሣ ቲማቲም ተደርድሯል። በሌላው የማንጎ፣ የኮክና የብርቱካን ጣዕም ያላቸው መጠጦች አሉ፤ ብዙዎቹ ላይ «ቫይታሚን ሲ» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ይነበባል። ለልጁ መክሰስ የሚገዛ ወላጅ ብዙ ጊዜ እጁን የሚዘረጋው ወደ መጠጡ ነው። «የቆርቆሮ ምግብ የሞተ ምግብ ነው» ሲባል ሰምቷል፤ መጠጡ ላይ ግን ፍሬ ተስሏል፣ ቫይታሚንም አለው ተብሏል። ሁለቱን ከፍቶ ውስጣቸውን ላየ ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው።

ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብን አሽጎና ቀቅሎ ለረጅም ጊዜ የማቆየትን ዘዴ በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። ዛሬ ፋብሪካው አተሩን መጀመሪያ በፈላ ውሃ ወይም በእንፋሎት ለአጭር ጊዜ ይለበልበዋል፤ ቀለሙንና ጣዕሙን የሚያበላሹት ኢንዛይሞች ሥራቸውን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ይታሸግና በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይበስላል። ሙቀቱ ይህን ያህል ከፍ የሚለው ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያስከትለው ባክቴሪያ በፈላ ውሃ ብቻ ስለማይሞት ነው።

በዚህ ሂደት የሚጠፋ ነገር አለ። ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ቢ1 ሙቀት አይችሉም፤ ውሃ ውስጥም ስለሚሟሙ ከፊላቸው ከቆርቆሮው ውሃ ጋር ይደፋል። አሰሩ፣ ፕሮቲኑና አብዛኛው ማዕድን ግን እዚያው ይቆያል። ውሃው የተጠለለ 100 ግራም የቆርቆሮ ቦሎቄ ወደ 7 ግራም ፕሮቲንና 6 ግራም ያህል አሰር ይሰጣል። ካሮቱን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲንም ሙቀቱን በደንብ ይቋቋማል። ቲማቲም ላይ እንዲያውም ማብሰሉ ይጠቅማል፤ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ሊኮፒን በጥሬው በሕዋሳቱ ግድግዳ ውስጥ ተይዞ ስለሚቆይ፣ ሲበስልና ዘይት ሲያገኝ ነው ሰውነታችን በቀላሉ የሚወስደው። አገር ቤት በመርቲ የቲማቲም ድልህ የሚሠራ ወጥ ዘይቱም ማብሰሉም አለው። የቆርቆሮ አትክልት እውነተኛ ችግሩ ጨው ነው፤ ውሃውን ደፍቶ ማለቅለቅ ከጨው ሲሶውን ያህል ይቀንሳል።

ወደ መጠጡ ስንመጣ፣ ያ ቫይታሚን ሲ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ እዚያው ዙሪክ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1933 በኢቲኤች የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ታዴኡስ ራይክሽታይን፣ ቫይታሚን ሲን ያለ ፍሬ ከግሉኮስ ለመሥራት ይሞክር ነበር። ግሉኮሱ ሶርቢቶል ወደሚባል ነገር ይለወጣል፤ ሶርቢቶልን ወደ ሶርቦዝ ለመቀየር ግን ባክቴሪያ ያስፈልጋል፣ የሚሠራ ባክቴሪያ ደግሞ አላገኘም። ስለዚህ ሶርቢቶል ከእርሾ መረቅና ከጥቂት አቼቶ ጋር በብርጭቆዎች አድርጎ ደጅ አስቀመጠ። ተመልሶ ሲያይ፣ በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ አንዲት የፍራፍሬ ዝንብ ሰጥማ ሞታለች፤ ከእግሯ ላይ የሶርቦዝ ክሪስታል በቅሏል። ባክቴሪያውን ይዛለት የመጣችው እሷ ነበረች። የባዝሉ ሮሽ ኩባንያ ዘዴውን ገዝቶ በቀጣዩ ዓመት ሬዶክሰን በሚል ስም ቫይታሚኑን ለገበያ አቀረበ። ራይክሽታይን እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በሌላ ሥራ፣ በአድሬናል ዕጢ ሆርሞኖች ላይ ባደረገው ምርምር ነው።

ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ቫይታሚን ሲን ማንም የሚገዛው ርካሽ ዱቄት አድርጎታል። ርካሽ በመሆኑ ግን የስኳር ውሃም ላይ መነስነስ ይቻላል። በመጠጡ ጀርባ ባለው ጽሑፍ ግብዓቶቹ እንደ ብዛታቸው በቅደም ተከተል ይሰፍራሉ፤ ብዙ ጊዜ ውሃ ይቀድማል፣ ስኳር ይከተላል፣ የፍሬው ጭማቂ ከዚያ በኋላ በጥቂቱ ይመጣል። አስኮርቢክ አሲድ የሚለው ያ ቫይታሚን ሲ ነው። አሰር የለም፣ ፕሮቲን የለም።

በ100 ሚሊ ሊትር 9 ግራም ስኳር ያለው መጠጥ ቢሆን፣ ግማሽ ሊትሩ 45 ግራም ይሆናል፤ 11 የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ የሆነው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ እንዲህ ያለው ስኳር ከዕለት ጉልበታችን ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ ለአዋቂ 50 ግራም ያህል ነው። ከ5 በመቶ በታች፣ ማለትም ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል ደግሞ የበለጠ እንደሚጠቅም ጠቁሟል። ለልጅ ልኩ ከዚህም ያንሳል። ምንም ስኳር ያልተጨመረበት ንጹሕ ጭማቂም እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ፍሬው ሲጨመቅ አሰሩ ቀርቶ ስኳሩ ነው የሚፈሰው። የተጠጣ ስኳር እንደተበላ ምግብ አያጠግብም፣ ጥርስንም ይጎዳል።

በቆርቆሮው ምግብ የጎደለውን መሙላት ቀላል ነው። በጾም ቀን ቦሎቄውን አለቅልቆ ከሽንኩርት ጋር ሰላጣ ላደረገ ሰው፣ ሳይበስል የተከተፈ ቃሪያና የሎሚ ጭማቂ የጠፋውን ቫይታሚን ሲ ይመልሱለታል። በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ብቻውን ወደ ደም የሚገባው በችግር ነው፤ ቫይታሚን ሲ በአንድ ማዕድ ሲገኝ ግን ይቀለዋል። ሻይና ቡና በአንጻሩ ብረቱን ስለሚይዙት፣ ከምግቡ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢቆዩ ጥሩ ነው።