ልጃችን በቪየና ከተማ ያቀረበልን ምስክር

ወላጅ ልጁን እንደሚያስተምር ሁሉ ልጅም አንዳንድ ጊዜ ወላጁን እንደሚያስተምር ከዚህ በታች የምንጽፈው ነገር ያስረዳል።

ልጃችንን ሕግ እንዲማር ወደ ኦስትሪያ ዋና ከተማ ወደ ቪየና ልከነው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ «ሕጉን ትቼ ቫዮሊን እንድማር ይፍቀዱልኝ» የሚል ደብዳቤ ጻፈልን። እኛም ዕድሜያችንን በፍርድ ቤት ብዕር ይዘን የኖርን ነንና «የጸሐፊ ልጅ እንዴት አዝማሪ ይሆናል?» ብለን ተቆጣን፤ እናቱም አለቀሰች። ፊት ለፊት መነጋገር ይሻላል ብለን ሁለታችንም ተነሥተን ሄድን።

ልጁ ግን አልተከራከረም። «አባቴ፣ ከመፍረድዎ በፊት ምስክሬን ይስሙ» ብሎ ሙዚክፌራይን ወደሚባለው ቤት ወሰደን። ታላቁ አዳራሽ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1870 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ በወርቅ ቀለም ስላጌጠ የወርቅ አዳራሽ ይባላል። 1,744 መቀመጫ አለው፤ ከኋላም 300 ያህል ሰዎች የሚቆሙበት ስፍራ አለ። ከወለሉ በታች ባዶ ቦታ ስለ ተተወለት፣ የውስጥ ጣራውም ከላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ፣ ቤቱ እንደ በገና ሆድ ድምፅን ያስተጋባል። የልጃችን ገንዘብ ለመቆሚያው ብቻ በቃ፤ ነገር ግን በልጅነቱ ማሕሌት ቆሞ ላደረ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

የሚሰማው የቤትሆቨን ዘጠነኛው ሲምፎኒ ነበር። መሪው ቀጭን በትር ይዞ ገባ፤ እርሱ ራሱ ምንም ሳያሰማ፣ መሪጌታ በመቋሚያው ዜማውን እንደሚያቀና ሁሉን አስማማ። ዜማው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በአራት ክፍልም የተከፈለ ነው። መዘምራኑ እስከ አራተኛው ክፍል ድረስ በዝምታ ይጠብቃሉ። በዚያ ትዕግሥት ተደነቅን።

ልጃችን አስቀድሞ እንደ ነገረን፣ ቤትሆቨን ይህን ሲደርስ ጆሮው ደንቁሮ ነበር። በ1824 ዓ.ም. ግንቦት ወር በአውሮፓ አቆጣጠር በ7ኛው ቀን በዚሁ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እርሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ስለ ነበር አላወቀም። ከዘማሪዎቹ አንዲቱ ካሮሊን ኡንገር ይዛ ወደ ሕዝቡ እንዳዞረችው ይተረካል።

ዜማው አልቆ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ወደ ልጃችን ዘወር አልን። እርሱ የሚመለከተው ሙዚቀኞቹን ሳይሆን የእኛን ፊት ነበር። ያን ጊዜ፣ ደንቆሮ የሆነው ሰው የሰማውን እኛ ጆሮ ሳለን አለመስማታችንን ዐወቅን። ቫዮሊንም ቢሆን እንደ መሰንቆ በደጋን የሚመታ ነውና፣ አዝማሪን መናቃችን አሳፈረን።

በደጅ ቆመን «ልጄ፣ ምስክርህን ሰምተናል፤ የፊተኛውም ፍርድ ተሽሯል። ነገር ግን የጀመርኸውን የዓመቱን ትምህርት ሳታቋርጥ ጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ቫዮሊኑን ተማር» አልነው። «እሺ አባቴ» ብሎ ጉልበታችንን ሳመ። እናቱም ዳግመኛ አለቀሰች፤ ልቅሶዋ ግን እንደ ፊተኛው አልነበረም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ያላሰባችሁትን መንገድ ቢመርጥ፣ ከመቆጣታችሁ አስቀድማችሁ ምስክሩን ስሙ።