«ብዙ»ና «የተትረፈረፈ» አንድ አይደሉም

ከጎተራ ተነሥቶ በነፋስ ስልክ በኩል ወደ ሳሪስ የሚጓዝ ሰው የሰፈሩን ስም ትርጉም ሳያስብ ያልፋል። ጎተራ ማለት የእህል ማስቀመጫ ነው፤ ሰፈሩም ይህን ስም ያገኘው በዚያ ከቆሙት ታላላቅ የእህል መጋዘኖች ነው።

ይህን ያሳሰበችኝ በነፋስ ስልክ የምትኖር አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ናት። በእንግሊዝኛ ፈተናዋ «አበንዳንት» የሚለውን ቃል «ብዙ» ብላ ብትተረጉም መምህሯ ነጥብ ቀነሱባት። «ጋሼ፤ ምን አጠፋሁ?» እያለች ወረቀቷን ይዛ መጣች።

መምህሯ እውነት አላቸው። ብዙ የሆነ ነገር ሁሉ አይበቃም። ለ60 እንግዳ 40 እንጀራ ቢቀርብ እንጀራው ብዙ ነው፤ ዳሩ ግን የሚራብ ሰው አይታጣም። «አበንዳንት» ማለት በቅቶ የሚተርፍ፤ የተትረፈረፈ ማለት ነው።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ዓመት፤ ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ሥሩ «ኡንዳ» የሚባለው ሲሆን ትርጉሙም ማዕበል ነው። እንግዲህ ቃሉ በመጀመሪያ የሚያሳየን ዳርቻውን አልፎ የሚፈስ ውኃን ነው። እንግሊዞችም ስለ ዝናብ፤ ስለ መከርና ስለ ማዕድን ሲናገሩ ይጠቀሙበታል።

የእኛው ቃል ግን የተገኘው ከማዕበል አይደለም። ሥሩ «ተረፈ» ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ተደግመው «ተትረፈረፈ» ሆነ፤ ደጋግሞ ብልጭ የሚለው ነገር «ተብለጨለጨ» እንደሚባል ማለት ነው። ይኸውም በመትረፍ ላይ መትረፍ ነው። በወንጌል 5 ሺህ ሰዎች በልተው ከጠገቡ በኋላ 12 መሶብ ሙሉ ቍርስራሽ ተነሣ ሲባል ነገሩ በትክክል ይህ ነው።

በሳሪስ ገበያ ብንዞር ሌሎችም ቃላት እንሰማለን። ቲማቲም በረከሰ ቀን ነጋዴዋ «ሞልቷል፤ እንደ ልብ ነው» ትላለች፤ ወጣቶቹ ደግሞ «በሽ ነው» ይላሉ። ሰው ሲበዛ «እንደ አሸን ፈላ» ይባላል። «ስፍር ቁጥር የለውም» የምንለውም እህልን በቁና ከመስፈር የመጣ አነጋገር ነው። እነዚህ ሁሉ የነገሩን ብዛት ይናገራሉ። «የተትረፈረፈ» ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ ሁሉም በልቷል ወይ?

የዚሁ ቃል ወንድም «ትርፍ» ነው። ለነጋዴ ደስታ ሲሆን ለሌላው መከራ ሊሆን ይችላል። በታክሲ ውስጥ ወንበር አጥቶ የተጣበበው ተሳፋሪ «ትርፍ» ይባላል፤ ሾፌሩም «ትርፍ ጫንህ» ተብሎ ይቀጣል። በሐምሌ ወር 1967 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና «ትርፍ ቤት» የመንግሥት ንብረት ሆኑ፤ በዚህች አንዲት ቃል ምክንያት ብዙ ቤተ ሰብ የሚያከራየውን ቤት አጣ፤ ብዙ ተከራይም የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሆነ።

በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ከዚያው ከማዕበሉ ሥር «ሪደንዳንት» የሚል ቃል ተወልዷል። በብሪታንያ ሥራው አያስፈልግም ተብሎ የሚሰናበት ሠራተኛ በዚህ ቃል ይጠራል። ለእህል ሲሆን በረከት የነበረው ቃል ለሰው ሲሆን ትርፍ ነህ ማለት ሆነ።

ለልጅቱም ይህን ነገርኋት። ጥቂት አሰበችና፤ «እንግዲያው ጎተራው ቢሞላም ገና አበንዳንት አይባልማ!» አለችኝ። እኔም ወረቀቷን መለስሁላትና ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት። ጎተራው ሲሞላ እህሉ ብዙ ነው፤ የተትረፈረፈ የሚባለው ግን የጎረቤትም መሶብ ከታየ በኋላ ነው።