ፎቶውን ማን አነሳው?

አንድ ፎቶ አብረን እንይ። ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 2018፣ ቦታው ካናዳ፣ ኩቤክ ግዛት፣ የቡድን 7 አገሮች ጉባኤ። የጀርመኗ መራሂተ መንግሥት አንጌላ መርክል ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው ወደ ፊት ጎንበስ ብለዋል። ከወዲያ በኩል የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤም መሐል ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል።

ፎቶው ወዲያው ዓለምን አዳረሰ። ብዙዎች የተማረሩ ወዳጆች አንድ እልኸኛ መሪ ከበው የሚወተውቱበት ትዕይንት አድርገው አዩት። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ከፎቶው ሥር በትንሹ የተጻፈው ስም ነው። አንሺው ዬስኮ ዴንዝል የሚባል የጀርመን መንግሥት ፎቶግራፈር ነው፤ ያሰራጨውም የመርክል ወገን ነው። ፈረንሳይም ከዚያው ክፍል የራሷን ፎቶ አወጣች፤ በእሱ ላይ ደግሞ ተናጋሪው ፕሬዚዳንቷ ማክሮን ናቸው።

የሚገርመው ገና ነው። የትራምፕ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ጆን ቦልተን ያንኑ የጀርመኖች ፎቶ ወስደው በትዊተር ለጠፉት። ለእሳቸው ፎቶው የሚያሳየው ሌሎች አገሮች አሜሪካን እንደ ባንካቸው መቁጠራቸውንና ፕሬዚዳንታቸው በቃ ማለታቸውን ነበር። አያችሁ? ፎቶው አንድ ነው፤ አንዱ ግትርነት ያየበትን ሌላው ጽናት አየበት።

ጋዜጦች ለምን በመንግሥት ፎቶ ይሠራሉ? አንደኛ፣ ብዙውን ጊዜ ጋዜጠኛ ወደ ስብሰባው የሚገባው መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ መጨባበጡንና ፈገግታውን ያነሳና ይወጣል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ የሚቀረው የመሪዎቹ የራሳቸው ፎቶግራፈር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ የወዳጅነት ጠባይ ነው። ጠላቶች ሲገናኙ መገናኘታቸው ብቻውን ዜና ነው። የወዳጆች ስብሰባ ግን አስቀድሞ የተሰናዳ ነው፤ የጋራ መግለጫውን የየአገሩ ተወካዮች ለወራት ሲያረቁት ይቆያሉ። ሁሉም ነገር እንደታሰበው ከሄደ የሚጻፍ ነገር ያጥራል። ስለዚህ የጋዜጠኛው ዓይን ከፎቶው ላይ ስንጥቅ ፍለጋ ይሄዳል፤ ማን ፊቱን አዞረ፣ ማን እጅ አጥብቆ ያዘ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ትራምፕና የብሪታንያዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ ዋይት ሐውስ ውስጥ ለቅጽበት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ መታየታቸው ከንግግራቸው እኩል ያስወራው ለዚህ ነው።

በዚህ መሐል የሚጎዳው አንባቢው ነው። በኩቤኩ ጉባኤ ዋናው ጭቅጭቅ አሜሪካ ከጁን 1 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከካናዳና ከሜክሲኮ በሚገባ ብረት ላይ 25 በመቶ፣ በአሉሚኒየም ላይ 10 በመቶ ቀረጥ መጣሏ ነበር። ይህ የፋብሪካ ሠራተኛን እንጀራ የሚነካ ጉዳይ ነው፤ ከፎቶው ላይ ግን አይነበብም። ትራምፕም ከጉባኤው ወጥተው ወደ ሲንጋፖር ሲበሩ፣ ለጋራ መግለጫው የተሰጠውን ድጋፍ ማንሳታቸውን በትዊተር አስታወቁ። የጉባኤው ትልቁ ውሳኔ የተሰማው ጠረጴዛው ከተነሳ በኋላ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ የመሪዎች ፎቶ ፊት ገጽ ላይ ስታዩ ፈገግታቸውን ከመተርጎማችሁ በፊት የአንሺውን ስም ፈልጉ። ከዚያ ዜናውን እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ከስምምነቱ ውስጥ አንድ ቁጥር ወይም አንድ ቀን ለማግኘት ሞክሩ። ካገኛችሁ ስለ ስብሰባው አውቃችኋል፤ ካጣችሁ ግን የተነገራችሁ ስለ መሪዎቹ ፊት ብቻ ነው።