ሃያ ጋሻ መሬት፣ ብዙ መንደር

ከአሰላ ወደ በቆጂ ሲኬድ በግራ ጭላሎ ተራራ ይታያል፤ ከግርጌው በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል ባሕር ዛፍ የከበባቸው መንደሮች ተበትነዋል። ቀበሌው ግን በዓይን አይታይም። እነዚህን መንደሮች በአንድ ማኅተም ሥር ያደረገ ወሰን ነውና።

ወሰኑ መጀመሪያ የተሰመረው ለመሬት ክፍፍል ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፣ ቢያንስ 20 ጋሻ ማለትም 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ የዛሬው ቀበሌ መነሻ የሆነው የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ። አርሲ ላይ አዋጁን በጉጉት የሚጠብቅ ጭሰኛ ነበር። ካዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው፣ በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮጀክት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አዳርሶ ምርቱን አሳደገ፤ ትርፉን ያዩ ባለመሬቶች ግን ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ያስነሡት ጀመር።

መሬት ያከፋፈለው ማኅበር ብዙም ሳይቆይ ግብር ሰብሳቢ፣ የእህል ኮታ ተቆጣጣሪና ወታደር መልማይ ሆነ። በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምሥረታ ሲመጣ ደግሞ ገበሬው ቤቱን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ በመስመር በተቀየሰ ሰፈር እንዲሠራ ተደረገ። በሌላ አገርም ተመሳሳይ ነገር ነበር፦ ሩማንያውያን ‘ኮሙና’ የሚሉት የገጠር አስተዳደርም የበርካታ መንደሮች ጥምር ነው፤ የአገሪቱ ኮሚኒስት መሪ ቻውሼስኩም በ1980 ዓ.ም. በሺዎች የሚቆጠሩ መንደሮችን ለማፍረስ ዕቅዱን ይፋ አድርጎ ነበር። እሱ ብዙ ሳይገፋበት ወደቀ። የእኛው የመንደር ምሥረታ ግን ብዙ ጎጆ ካስፈረሰ በኋላ፣ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው የላላው፤ ብዙ ገበሬም ወደ ቀድሞ ይዞታው ተመለሰ።

የሩማንያውን ኮሙና ከንቲባ ነዋሪው በቀጥታ ይመርጣል፤ የእኛን ቀበሌ ሊቀመንበር የሚሰይመው የቀበሌው ምክር ቤት ነው። ቀበሌው ደመወዝተኛ ሥራ አስኪያጅ፣ የልማት ሠራተኞች፣ ጤና ኬላና ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አሉት። መታወቂያና ማዳበሪያ የፈለገ ወደዚያ ይሄዳል።

ደቦውና እድሩ ግን የመንደር ነው። ባሏ የበደላት የአርሲ ሴት ሲንቄዋን፣ ማለትም ስታገባ የተሰጣትን በትር፣ ይዛ ስትወጣ ሴት ጎረቤቶቿ በትራቸውን ይዘው ይከተሏታል፤ ሽማግሌ ገብቶ ካሳና እርቅ እስኪፈጸም ወደ ቤት አይመለሱም። የመሬት ክርክር ሲነሣ ቀበሌውና መንደሩ ይገናኛሉ፦ በኦሮሚያ ሕግ አቤቱታው ለቀበሌው አስተዳደር ይቀርባል፣ ጉዳዩን የሚያዩት ግን ተከራካሪዎቹ የመረጧቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ያልተስማማ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል።